በርጩማውን የሣለው ሰው፤ የጌኦርግ ሽዋይንፉርት የሕይወት ታሪክ

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምር ሰው በየዓመቱ አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። ለእጩ መምህራኑ ወረቀትና የውሃ ቀለም አድሎ የወደዳችሁትን ሣሉ ቢላቸው፣ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ በፈረስ ላይ ያለ አርበኛ፣ ሌላው የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ይሥላል፤ ሰዓቱም በደስታ ያልፋል። ጀበና አምጥቶ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይህን ሣሉ ቢላቸው ግን ፊታቸው ቅር ይላል። ጀበና ምኑ ይሣላል? በየቤቱ ያለ፣ በየቀኑ የሚታይ፣ ጥላሸት የጠጣ ዕቃ ነው። ሥለው ያመጡትን ሲመለከቱትም በጠረጴዛው ላይ ያለውን ጀበና ትተው በልባቸው ያለውን ጀበና ሥለው ይገኛሉ። እኔ ለትምህርቱ የምጠቀምበት ጀበና አፉ በአንድ ወገን የተሸረፈ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች ሽራፊውን በወረቀት ላይ ጠግነው ያቀርቡልኛል። ዐይናቸው ሳያየው ቀርቶ አይደለም፤ አይተውት ሳለ ለሥዕል እንደማይገባ ቈጥረው ይተዉታል።

ይህን ባየሁ ቊጥር የማነሣላቸው አንድ ሰው አለ። ሙያው ሥዕል አልነበረም፤ የዕፀዋት ተመራማሪ ነበረ። ነገር ግን ከካርቱም ተነሥቶ ባደረገው ረጅም ጉዞ ያያቸውን በርጩማዎች፣ ማሰሮዎች፣ ማንኪያዎችና ጎተራዎች በትዕግሥት እየሣለ፣ ቤተ መንግሥትና ጦር ሜዳ ብቻ ለሥዕል ይበቃሉ ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን ለቤት ዕቃ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የሰጠ ሰው ነው። ስሙ ጌኦርግ ሽዋይንፉርት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሽዋይንፉርት በታኅሣሥ ወር 1836 በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በሪጋ ከተማ ተወለደ። ሪጋ ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች። ወላጆቹ ጀርመናውያን ሲሆኑ አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበረ። ልጁ ንግዱን ትቶ በሃይደልበርግ፣ በሙኒክና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች የዕፀዋትን ጥናት ተከታተለ። ትምህርቱን በሚፈጽምበት ወራት አንድ ሥራ ተሰጠው፤ እሱም ባሮን ባርኒምና ሐኪሙ ሮበርት ሃርትማን ከሱዳን የሰበሰቧቸውን የደረቁ ዕፀዋት መልክ ማስያዝ ነበረ። ባርኒም ራሱ በ1860 በጥቁር ዓባይ ዳር በሮሴይረስ በበሽታ ሞቶ ቀርቷል። ወጣቱ ተመራማሪ የሞተውን ሰው ቅጠሎች አንድ በአንድ ሲገልጥ ያደጉበትን አገር ለማየት ልቡ ተነሣ።

እዚህ ላይ ስለ ዕፀዋት ሥዕል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የዕፀዋት ተመራማሪ አበባን ሲሥል ማሳመር አልተፈቀደለትም። አምስት ቅጠል ያለውን ስድስት ቢያደርገው፣ ወደ ግራ የሚዞረውን ሐረግ ወደ ቀኝ ቢያዞረው፣ ሥዕሉ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ ዐይኑ ልቡን እንዲቀድም ይለማመዳል። ሽዋይንፉርት ኋላ በበርጩማውና በማሰሮው ላይ ያዋለው ይህንኑ ልማድ ነው፤ ጎተራውን ልክ እንደ አበባ ቈጠረው ማለት ይቻላል።

በአውሮጳም ቢሆን ተራውን ነገር በእውነተኛ መልኩ መሣል የቈየ ሥራ ነበረ። ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱረር በ1503 አንዲት የሣር ጉብታ፣ ማንም የሚረግጣትን፣ በውሃ ቀለም ስሩን ሳይቀር ሣላት። ሽዋይንፉርት ልጅ በነበረበት ዘመን ደግሞ በለንደን ዊልያም ሄንሪ ሃንት የሚባል፣ የቈርቈሮ ሠራተኛ ልጅ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ የማያረማምደው ሠዓሊ ነበረ። ሃንት ሩቅ ሄዶ ተራራና ወንዝ ለመሣል ስላልቻለ ከፊቱ ያለውን ወንበርና ጠረጴዛ የሥራው ዓለም አደረገው፤ ገንቦ፣ ፍሬ፣ የወፍ ጎጆ ነበር የሚሥለው። በወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ ነጭ ቀለም ወፈር አድርጎ ይቀባና ሲደርቅ በላዩ ንጹሑን ቀለም በጥቃቅን ነጥብ ይጥልበት ነበር፤ ከዚህም የተነሣ የፕሪሙ ቆዳ ላይ ያለው ጤዛ መሳይ ብናኝ እንኳ ይታያል። ሃንት በ1864 ሲሞት ሽዋይንፉርት በመጀመሪያ ጉዞው ላይ ነበረ። ሁለቱ መገናኘታቸውን የሚያመለክት ነገር የለም፤ አንዱ ከወንበሩ ሳይነሣ ሌላው አህጉር አቋርጦ አንድ ዐይነት ሥራ መሥራታቸው ግን ለሥዕል መምህር የሚያስደስት ነገር ነው።

ይህ የመጀመሪያ ጉዞ ከ1863 እስከ 1866 ድረስ የቈየ ነበረ። ሽዋይንፉርት በቀይ ባሕር ዳርቻ ወርዶ፣ በባሕሩና በዓባይ መካከል ያለውን አገር ተመላልሶ፣ ካርቱምን አይቶ፣ እስከ እኛው ድንበር እስከ ጋላባትና መተማ ድረስ ደርሷል። ከዚህም የተነሣ በ1867 ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት አንድ መጽሐፍ በበርሊን አሳተመ። ይሁን እንጂ ስሙን ያስጠራው ሁለተኛው ጉዞ ነው።

በ1868 የፕሩስያ የሳይንስ አካዳሚ በአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ስም ከቆመው የገንዘብ ድርጅት ወጪውን ሰጥቶት፣ በኅዳር መጀመሪያ ላይ ካርቱም ገባ። ካርቱም በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ከሃምሳ ዓመት ያልበለጠ፣ ግብፆች በ1820ዎቹ ለጦር ሰፈር የቈረቈሯት ከተማ ነበረች። ነጩና ጥቁሩ ዓባይ በሚገናኙበት ምላስ መሳይ መሬት ላይ የተሠራችው ይህች ከተማ የምትኖረው በዝሆን ጥርስና፣ ስሙን ሳንሸፋፍን እንናገረው፣ በሰው ንግድ ነበረ። ታላላቆቹ ነጋዴዎች በደቡብ በጋዜል ወንዝ አገር ዘሪባ የሚባል በእሾህ የታጠረ ሰፈር ነበራቸው፤ ጭፍሮቻቸው ከዚያ እየወጡ ጥርሱንም ሰውንም ይሰበስቡ ነበር። ከዚህ መንገድ በቀር ወደ ደቡብ የሚያስገባ ሌላ መንገድ አልነበረም። አገረ ገዥው ጃዕፈር ፓሻ ጋጣስ የተባለ ነጋዴ መንገደኛውን እንዲያጓጉዝና እንዲጠብቅ በውል አሰረው። እንግዲህ ሽዋይንፉርት የሄደው በባሪያ ነጋዴዎች መርከብ፣ የበላው ከእነሱ ጎተራ ነው። ይህን ያውቅ ነበረ፤ ንግዱንም በመጽሐፉ አውግዟል። ነገር ግን ያለ እነሱ አንድ ምዕራፍ እንኳ ሊጓዝ አይችልም ነበረ።

በጥር 5 ቀን 1869 ከካርቱም ተነሥቶ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጣ። በመንገዱ ላይ ያለፈው የኤድ ዱኤይም አካባቢ፣ በ1934 የባኽት ኤር ሩዳ መምህራን ማሠልጠኛ የተቋቋመበት፣ የሱዳን መምህራን እናት ትምህርት ቤት የሚሆነው ስፍራ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ከወንዝና ከዳር በቀር የሚታይ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን የሣርና የደንገል ክምር እየቈረጡ፣ መርከቡን በገመድ እየጐተቱ፣ በየካቲት መጨረሻ ወደ መሽራ ኤር ሬቅ ደረሱ። ከወር በኋላ በጋጣስ ዘሪባ ሰፍሮ ሥራውን ጀመረ።

ሥራው ዕፀዋት መሰብሰብ ነበረ፤ ማንም የቤት ዕቃ ሣል ብሎ አላዘዘውም። ነገር ግን ቅጠል ፍለጋ በየመንደሩ ሲዞር ዐይኑ በየደጁ ያለውን ዕቃ ማለፍ አልቻለም። የዲንቃዎች የምግብ አሠራርና ንጽሕና አስደነቀው። በጁሮችና በቦንጎዎች አገር ብረት ከአፈር የሚያወጡበትን የጭቃ ምድጃና ወናፍ ተመለከተ፤ አንጥረኞቹ የሚሠሩት የዶማ ብረት በዚያ አገር እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበረ። ይህ ነገር አሞሌ ጨው ለገንዘብነት ሲያገለግል ለኖረበት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በእንጨት ችካል ላይ የቆመውን ጎተራ፣ ክዳኑ እንደ ባርኔጣ የሚነሣውን፣ ከነአሠራሩ መዘገበ። ቅሉን፣ የእንጨት ማንኪያውን፣ የትምባሆ ጋያውን፣ ጡሩምባውን ሁሉ አላለፈም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ የቦንጎ ሴቶች በርጩማ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ አራት አጫጭር እግሮች ያሉት፣ መቀመጫው በመጠኑ ጐድጐድ ያለ፣ በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ ቡናማ ዕቃ ነው። ሽዋይንፉርት እንደ መዘገበው በዚህ በርጩማ የሚቀመጡት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥን የሴት ምቾት አድርገው ስለሚቈጥሩት ይሸሹት ነበረ። ከእነሱ በስተደቡብ በሚኖሩት በማንግቤቱዎች አገር ግን ነገሩ ተገልብጦ አገኘው። በዚያ ወንዱ ከመሬት ላይ መቀመጥን እንደ ውርደት ያየዋል፤ ለጉብኝት እንኳ ሲሄድ አግዳሚ ወንበሩን አሽከር ተሸክሞ ይከተለዋል። ሴቶቹ ባለ አንድ እግር በርጩማ አላቸው። እንዲህ ያለውን ነገር የጦር ታሪክ የሚጽፍ ሰው አያገኘውም። ማን ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥና ማን ዝቅ ብሎ፣ የትኛው ዕቃ የማን እንደ ሆነ፣ ክብር በምን እንደሚለካ የሚናገረው በርጩማው ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው በመጀመሪያ በርጩማውን ትኩር ብሎ ላየው ሰው ነው።

ወደ ማንግቤቱዎች ያደረሰው መሐመድ አቡ ሳማት የተባለ የኑብያ ነጋዴ ነበረ። የዛንዴዎችን አገር አቋርጠው በመጋቢት 1870 ኡኤሌ የሚባለውን ታላቅ ወንዝ አዩ። ሽዋይንፉርት ውሃው ወደ ምዕራብ እንደሚፈስስ ተመልክቶ ይህ ወንዝ የዓባይ ገባር እንዳልሆነ ተረዳ። በንጉሥ ሙንዛ መንደር ሦስት ሳምንት ያህል ተቀመጠ። የንጉሡን ሰፊ አዳራሽ፣ የአንጥረኞቹን ሥራ፣ የሸክላ ሠሪዎቹን ማሰሮዎች፣ ባለ ሁለት እጀታውን የእንጨት ገበታ እያየ ሣለ። ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ኡኤሌን ትልቁ ግኝቱ አድርገው ያስተምራሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ወንዙ እሱ ባይደርስም እዚያው ይቈየው ነበረ። ገበታው ግን አይቈይም። ሙንዛ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በነጋዴዎቹ ጦር ተገደለ፤ አዳራሹም በዚያው ጠፋ።

ይህን ያህል ካመሰገንኩት በኋላ ሌላውን ወገን ብሸሽግ የተሸረፈውን ጀበና እንደሚጠግኑት ተማሪዎቼ መሆኔ ነው። ሽዋይንፉርት ለዕቃው የሰጠውን ዐይን ሁልጊዜ ለሰው አልሰጠም። የሰው ራስ ቅል እየገዛ ሰብስቧል። ስለ ዛንዴዎችና ስለ ማንግቤቱዎች ሰው በላነት የጻፈው፣ ከራሱ ዐይን ይልቅ ከነጋዴዎቹ ወሬ ብዙ የተቀበለ ነው፤ በአውሮጳም የእነዚህን ሕዝቦች ስም ለብዙ ዘመን አጥፍቷል። አካ ከሚባሉት አጫጭር ሰዎች ወገን የሆነ ንሴዌ የሚባል ልጅ በውሻ ለውጦ ወሰደ፤ ልጁም ወደ ሰሜን ሲጓዙ በ1871 በርበር ላይ በተቅማጥ ሞተ። የበርጩማው እንጨት ከየትኛው ዛፍ እንደ ሆነ በላቲን ስሙ ጽፎታል። ጠራቢው ማን እንደ ሆነ ግን አልጻፈም። ለዚህ ሁሉ የዘመኑ ሰው ነበረ የሚል ምክንያት ይሰጣል፤ እኔ ይህ ምክንያት ግማሹን ብቻ ያስረዳል እላለሁ። እንዲህ አጥርቶ የሚያይ ሰው ሌላውንም አጥርቶ ሊያይ ይችል ነበረና።

ከማንግቤቱ አገር ተመልሶ በጋጣስ ዘሪባ ሳለ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ 1870፣ በሰፈሩ እሳት ተነሣ። ጎጆዎቹ ሁሉ የሣር ክዳን ነበሩ፤ ወሩም የደረቅ ወር ነው። ለማለት ከሚቻለው በፈጠነ ጊዜ ሰፈሩ ተቃጠለ። የሰበሰባቸው ነፍሳት፣ ከየመንደሩ ያመጣቸው ዕቃዎች፣ ከ800 በላይ ቀን በየዕለቱ የጻፈው ማስታወሻ፣ በሺህ የሚቈጠር የአየር ግፊት ልኬት፣ የቃላት መዝገብ፣ ልብሱና አብዛኛው መሣሪያው አመድ ሆነ። ሰዓት እንኳ አልቀረለትም።

በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ለተማሪ የሚነገር ነው። ሰዓት ከሌለ የተጓዘበትን ርቀት በጊዜ ማስላት አይቻልም፤ ስለዚህ እርምጃውን ይቈጥር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባደረጋቸው ጉዞዎች ሁሉ እግሩን እንደ መለኪያ ገመድ ቈጥሮ፣ በየመቶው ምልክት እያደረገ፣ አንድ ሚልዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ያህል እርምጃ ቈጠረ። ካርታውንም በዚህ ቊጥር ሠራው። ይህ ትዕግሥት ከየት መጣ ቢባል፣ የአበባ ቅጠል ሲቈጥር ከኖረ ሰው ነው እላለሁ።

በሐምሌ 1871 ካርቱም ተመለሰ፤ በዓመቱ መጨረሻም አውሮጳ ገባ። የጉዞው ታሪክ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ በብዙ አገር ተነበበ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ በ1875 በላይፕሲግና በለንደን ያወጣው አርቴስ አፍሪካኔ የተባለው መጽሐፍ ነው፤ ትርጓሜው የአፍሪካ ጥበባት ማለት ነው። ከእሳቱ በኋላ በእጁ ከቀረው ተነሥቶ ሥዕሎቹን በድንጋይ ኅትመት 21 ገጽ ላይ ደረደራቸው፤ ጽሑፉ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ጐን ለጐን ነው። የሚያስደንቀው የአቀማመጡ ነገር ነው። ከበርጩማው ኋላ ዛፍ የለም፣ ጀንበር አትጠልቅም፣ ለማዳመቂያ የቆመ ሰው የለም። ዕቃው ብቻውን በነጩ ወረቀት ላይ ቁጥር ተሰጥቶት ይቆማል፤ ልጡ እንዴት እንደ ተጠመጠመ፣ የሸክላው ጭረት በየት በኩል እንደሚዞር ይታያል። አንዱን ሕዝብ ከሌላው ሳያደባልቅ የዲንቃውን ለብቻ፣ የቦንጎውን ለብቻ፣ የዛንዴውን ለብቻ አስቀምጦታል። ለምን እንደ ደከመበትም ምክንያቱን ገልጿል፤ ከውጭ የሚገባው የፋብሪካ ዕቃ እየበዛ በሄደ መጠን የአገሬው የእጅ ሥራ እንደሚጠፋ ስላየ፣ ሳይጠፋ ሊመዘግበው ፈለገ። በየቤታችን እንስራው በፕላስቲክ ጀሪካን ሲተካ ያየን ሁሉ ይህ ሥጋቱ ባዶ እንዳልነበረ እናውቃለን።

የቀረውን ዕድሜውን በአጭሩ ልለፈው። በዚያው በ1875 ኬዲቭ ኢስማኢል በካይሮ የጂኦግራፊ ማኅበር ሲያቋቁም ሽዋይንፉርት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ይኸው ኬዲቭ በዚያው ዓመት ጦሩን ወደ ጉንደት መላኩን የኛ አገር አንባቢ አይረሳውም። በካይሮ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ከጥንት ፈርዖኖች መቃብር የወጡትን የአበባ ጉንጉኖች መረመረ፤ ሦስት ሺህ ዓመት የደረቀውን ቅጠል በውሃ እያለዘበ ዘርግቶ ስሙን አወጣለት። በ1889 ወደ በርሊን ተመለሰ። በ1891፣ በ1892 እና በ1894 ኤርትራን እየተመላለሰ አጠና፤ በ1893ም የሐበሻን ዕፀዋት ስሞች የሰበሰበበትን መጽሐፍ አሳተመ። ስለዚህ ሰውየው የላቲኑን ስም ብቻ የሚወድ አልነበረም፤ ባለአገሩ ዛፉን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቆ የጻፈበት ጊዜም አለ። በመስከረም 1925 በ88 ዓመቱ በበርሊን ዐረፈ፤ የተቀበረውም በዳህሌም የዕፀዋት አትክልት ስፍራ ውስጥ ነው።

ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ በካርቱም በጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ ዣን ፒየር ግሪንሎው የመራው የንድፍ ትምህርት ቤት በ1946 ተከፈተ፤ የዘመናዊው የሱዳን ሥዕል ታላላቅ ስሞች ከዚያ ወጡ። በበርሊን ደግሞ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1943፣ በአውሮፕላን ቦምብ ድብደባ የዳህሌም የደረቁ ዕፀዋት ቤት ሲቃጠል የዓለም ሊቃውንት የደከሙበት ስብስብ አብዛኛው ጠፋ። በካርቱምም ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በተነሣው ጦርነት የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል፤ የቀረውና የሄደው ገና እየተቈጠረ ነው።

የአርቴስ አፍሪካኔ ገጾች ግን በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት አሉ። እኔም ከእነዚያ ገጾች የአንዱን ግልባጭ አግኝቼ በሥዕል ክፍላችን ግድግዳ ላይ፣ ጀበናው ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ በላይ፣ ለጥፌዋለሁ። ተማሪዎች መጀመሪያ ሲያዩት ይህ በርጩማ የማን ነው ብለው ይጠይቁኛል። የማን እንደ ሆነ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን በየጽዋው እንቀዳና ወደ ጀበናው እንመለሳለን።